«ገብቷል»

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት፣ ተማሪ የሚይዘው ዓይነት። ባለቤቱ ከበርበሬ ማዳበሪያዎቹ ጀርባ ካለች የቆርቆሮ ሣጥን አወጣው፣ በክንዱ ጠረግ አደረገና ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ማስነጠስ ጀመርኩ። በርበሬው ወረቀቱ ውስጥ ዘልቋል። እሱ ለምዶታል መሰለኝ፣ «ይማርዎ ጋሼ» እያለ በየማስነጠሴ ይስቃል።

ወሩ ጥር ነው፣ ዓመቱ 2010፣ ቦታው ፍኖተ ሰላም። ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፌ የመጣሁት ይህን ሰው ፍለጋ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ አደራ ብሎኛል። «የኔ ስም ድሮም አይጻፍም ነበር» አለኝ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፊቱ ሞላ ማለት የጀመረ፣ እግሩ ግን አሁንም የሯጭ እግር የሆነ ሰው ነው። ዛሬ በርበሬና በቆሎ ይነግዳል። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት አሯሯጭ ነበር።

አሯሯጭን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ አስተውለነው ግን አናውቅም። ከዋነኞቹ ሯጮች ፊት ሆኖ በታዘዘው ፍጥነት ይሄዳል፣ ነፋሱን ይቀበልላቸዋል፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ ዳር ይወጣል። ደረቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሥራው ስም ብቻ ነው የሚለጠፈው። ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ካሜራው ከማንም በላይ እሱን ያሳያል፤ ከዚያ የለም። በውጤቱ ዝርዝር ውስጥ ስሙን የፈለገ ሰው ካቋረጡት ጋር ያገኘዋል።

ደብተሩ በእጅ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉት፦ ከተማ፣ ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነት፣ ገንዘብ። የከተሞቹ ስም ጆሮው እንደሰማው ነው የተጻፈው። «ሽያመን፣ 30፣ በ3፡04፣ ገብቷል።» «ሃኖፈር፣ 25፣ በ3፡02፣ ገብቷል።» «ዳሌን፣ 25፣ በ3፡05፣ ግማሹ ገብቷል።» እንዲህ እያለ ገጽ ይሞላል። አልፎ አልፎ በቀይ እስክሪብቶ «አልገባም» የሚል አለ። አንዱ «አልገባም» ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ማናጀሩ ማን እንደነበር ነገረኝ፤ እኔ ግን እዚህ አላነሣውም።

ጣቴን መስመሩ ላይ እየሳብኩ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። በሯጭ አፍ «ገባ» ማለት የመጨረሻውን መስመር ረገጠ ማለት ነው፤ «ስንተኛ ገባህ?» ነው የሚባለው። በዚህ ደብተር ውስጥ ግን የሚገባው ገንዘቡ ነው። ሰውየው ከ25 ወይም ከ30 አልፎ የትም አልገባም።

«ከወረድክ በኋላ የት ትሄዳለህ?» አልኩት።

«መኪና አለ። ያቋረጡትን የሚለቅም መኪና። ብርድ ልብስ ይሰጡናል። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ውድድሩን ይሰማል፣ እኛ ቋንቋውን አናውቀውም። ማን እንዳሸነፈ የምናውቀው ሆቴል ስንደርስ ነው።»

ያን ሲናገር ምሬት አልነበረበትም። ወያላ መነኸሪያው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት እንደሚናገረው ነበር።

በማግስቱ የቡሬ ገበያ ስለነበረ አብሬው ሄድኩ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ እሱ ግን በሌላ መለኪያ ነው የሚያስበው። «የአንድ አሯሯጭ መንገድ ነው» አለኝ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ። ከተማው ገና አልነቃም። አስፋልቱ ዳር አምስት ስድስት ልጆች በአንድ መስመር ይሮጣሉ፤ አንዷ የወንድሟ የሚመስል ሰፊ ቱታ ለብሳለች። ሹፌሩ ክላክስ ሲነፋላቸው አልዞሩም። እሱ በመስኮቱ ዘወር ብሎ እስኪርቁ ተመለከታቸውና «የፊተኛው ቸኩሏል» አለ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበር የምትባለው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ቡሬን አልፈው በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ወርደዋል፤ የዛሬውን ስሟንም የሰጧት እሳቸው ናቸው ይላሉ የከተማዋ ሰዎች። በመንገዱ መካከል ማንኩሳ አለች። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሰው ማንኩሳ ሲባል በዛብህን ሳያስብ አያልፍም። እኔም አሰብኩት፤ ግን ፍቅሩን አልነበረም ያሰብኩት፣ ከሰብለ ወንጌል በፊት የነበረውን ተማሪነቱን ነው።

ጎጃም የተንከራታች ባለሙያ አገር ነው። የቆሎ ተማሪ አንድ መምህር ዘንድ አይቀርም። ንባቡን ካንዱ፣ ዜማውን ከሌላው ይማራል፤ ለቅኔው ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይወርዳል፤ አቋቋም ካማረው ጎንደር ይሻገራል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ይዞራል። ከነዚህ መካከል ስሙ የሚጠራ የቅኔ መምህር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የቀረው በአንድ ገጠር ደብር ቀድሶና አስቀድሶ፣ ሕፃናት ፊደል አስቈጥሮ ይኖራል። ግን በዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን አንድ ቦታ አልተቀመጥክም?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። «ከማን ተማርክ?» ነው የሚባለው። መልሱ ረዘም ባለ ቁጥር ሰውየው ይከበራል።

ይህን ለአዲሱ ጓደኛዬ፣ ለአሯሯጩ፣ ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እኔን ግን “ስንት አመጣህ?” ነው የሚሉኝ» አለ።

ቡሬ ስንደርስ ገበያው ሞቋል። ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። የበርበሬው ተራ ከሩቅ በጉሮሮ ይታወቃል። ሴቶች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አጣፍተው በተነጠፈ ሸራ ላይ ዛላውን ይለቅማሉ፤ የነጣውን ወደ አንድ ወገን፣ የቀላውን ወደ ሌላ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አንድ ዛላ አነሣ፣ ጆሮው አጠገብ አንቀጫቀጨው። ፍሬው ከተንቀጫቀጨ ደርቋል ማለት ነው። ሰበረው፣ አሸተተው፣ መልሶ ጣለው። ወደሚቀጥለው ሸራ ሄደ። አራተኛው ላይ ዋጋ ጠየቀ። ሻጯ እናት፣ «አንተማ የውጭ አገር ብር ለምደህ ርካሽ ትፈልጋለህ!» ብላ አሾፈችበት። «እማማ፣ የውጭውም በኪሎ ነበር» አላት። ተሳሳቁ፣ ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከሩ።

የውጭው በእርግጥም በኪሎ ነበር፤ በኪሎ ሜትር። በአፉ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ውሉ ኪሎ ሜትርና ፍጥነት ይወስናል። እስከ 25 ከያዝክ ይህን ያህል፣ እስከ 30 ከደረስክ ያን ያህል፤ ፍጥነቱን ካጓደልክ ይቆረጣል። ማናጀሩ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል። ትኬቱና ቪዛው አንዳንዴ ከዚያው ላይ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፣ እስከዚያ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አለ፣ ጫማ አለ፣ ማሳጅ አለ፣ ከአገር ቤት የሚደውል ዘመድ አለ። ክለብ ያለው ሯጭ ደመወዝ ይጠብቀዋል፤ እሱም በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ክለብ ቀያይሯል። ውል ሲያልቅ ሌላው ጋር መፈረም፣ ሲጎዱ መሰናበት፣ ሲሻላቸው እንደገና መለመን። የአራቱንም ማሊያ እናቱ ቤት አስቀምጧቸዋል።

በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሞን ቢዎት የሚባል ኬንያዊ አሯሯጭ እወርዳለሁ ባለበት ሳይወርድ ቀርቶ ማራቶኑን አሸነፈ። ይህን ታሪክ አሯሯጭ ሁሉ ያውቀዋል። ጓደኛዬን «አንተስ አልቃጣህም?» አልኩት። «ቃጥቶኝ ያውቃል። እግሬ ግን 25ን ያውቃል። ለ25 ያሠለጠኑት እግር 26 ላይ የሰው ነው።»

እዚህ ላይ፣ ይህን ሰው ፍለጋ ለምን እንደመጣሁ ልናገር። ከዚያ ጉዞ በፊት በነበረው ክረምት ዋሽንግተን የሚኖር የእኅቴ ልጅ ቤዝቦል ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ጨዋታው አይገባኝም። ሦስት ሰዓት ተቀምጠን አንድ ሰው ይወረውራል፣ አንድ ሰው በዱላ ይስታል፣ ሕዝቡ ይበላል። ለገና ጨዋታ ያደገ ሰው ዱላና ኳስ ሲያይ ሩጫና ግፊያ ይጠብቃል፤ እዚያ ያለው መቆም ነው። መሰላቸቴን አይቶ ልጁ ስለ አንድ ወርዋሪ አጫወተኝ፤ በዚያው ክረምት ለዋሽንግተን ይጫወት ስለነበረው ስለ ኤድዊን ጃክሰን።

ጃክሰን አባቱ የአሜሪካ ወታደር ስለነበር የተወለደው ጀርመን ነው። በ20ኛ ዓመት የልደት ቀኑ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003፣ በትልቁ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣና በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ራንዲ ጆንሰን ጋር ተወራውሮ አሸነፈ። ያን ያየ ሁሉ ሌላ ጆንሰን ተወለደ አለ። አልተወለደም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት ሻንጣ ማሠርና መፍታት ነው፦ ታምፓ፣ ዲትሮይት፣ አሪዞና፣ ቺካጎ፣ ሴንት ልዊስ፣ ሌላም ሌላም። በሐምሌ 2011 በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሽጧል፤ ጠዋት የቺካጎ ነበር፣ ለቶሮንቶ ሰጡት፣ ቶሮንቶ ማሊያውን ሳያለብሰው ለሴንት ልዊስ አሳለፈው። ከሴንት ልዊስ ጋር በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ በላ። በ2019 ቶሮንቶ እንደገና ወሰደውና በዚህኛው ጊዜ ማሊያውን ለበሰ። 14ኛ ቡድኑ ሆነ። እስከዚያ ድረስ በትልቁ ሊግ ለዚህን ያህል ቡድን የተጫወተ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ምሽት አለው። ሰኔ 25 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.፣ ለአሪዞና ሲጫወት፣ ተጋጣሚዎቹ አንድም የተሳካ ምት ሳይመቱ ጨዋታው አለቀ። ወርዋሪ ሁሉ የሚመኘው ነው፤ ታላላቆቹም ሳያገኙት ጡረታ ይወጣሉ። የሱ ግን ንጹሕ አልነበረም። 149 ጊዜ ወርውሯል፣ ክንድ ይገድላል የሚባል ቁጥር ነው። ስምንት ሰው ደግሞ በራሱ ያልተስተካከለ ውርወራ በነፃ አሳልፏል። ደስ ያለኝ ይህ ነው። ሰውየው የሊቅ ምሽቱን እንኳ በቀን ሠራተኛ ላብ ነው ያገኘው።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ተጫዋች ጆርኒማን ይሉታል። ቃሉ የተወረሰው ከባለእጆች ነው፤ ከጌታው ተምሮ የወጣ፣ የራሱ ቤት ግን የሌለው፣ በቀን ሒሳብ እየተቀጠረ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው። የእኅቴ ልጅ «በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። «ቀጥቃጭ» አልኩ፣ «ተንከራታች» አልኩ፣ ሁለቱም ስድብ ሆኑብኝ። በኋላ ነው አሯሯጭ የሚለው ቃል የመጣልኝ፤ ከዚያ አንድ የማውቀው ጋዜጠኛ የዚህን የፍኖተ ሰላም ሰው ስልክ ሰጠኝ።

ከቡሬ ለብቻዬ ወደ ሰከላ ወጣሁ። በባሕር ዳር መንገድ ጢሊሊ ድረስ፣ ከዚያ በስተቀኝ በጠጠሩ መንገድ። በቆሎው እየቀረ ገብስና ድንች ይተካል፣ ብርዱ ይበረታል፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቧል። ግሽ ዓባይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ፈረንጆች ይህችን ምንጭ ሊያዩ ከሩቅ መጥተዋል፤ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770። አገሬው ግን ቀድሞም ያውቃታል፣ ጠበሏ ነች። አቡነ ዘርአ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው ይነገራል። ለመጽሐፍ ሰው እንዴት ያለ የሚያስቀና ታሪክ ነው!

እኔ ግን ወደ ሰከላ የወጣሁት የውዴ አያሌው አገር ስለሆነች ነው። ውዴን አሯሯጭ ማለት ነውር ነው፤ የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ አላት። ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መሠለች መልካሙ አሸነፍኩ ብላ እጇን ስታነሣ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ከጎኗ ሾልካ በ0.10 ሴኮንድ ቀደመቻት። አገር ሁሉ ስለዚያ እጅ ሲያወራ ከረመ። ሦስተኛ የገባችው ውዴ ነበረች፣ በ30 ደቂቃ ከ51.95 ሴኮንድ፤ ኋላዋ የቀረችው መሠረት ደፋር ነበረች፣ አምስተኛ። የሕይወቷን ትልቁን ሩጫ በሮጠችበት ቀን ሰው የሚያየው ሌላ ነበር።

ያ ነሐስ ደጅ አልከፈተላትም። ለኦሎምፒክ በአንድ ርቀት ሦስት ሴት ብቻ ነው የሚላከው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ዘመን ጥሩነሽ ዲባባ ያለችባት አገር ነበረች። ከቤጂንግ እስከ ሪዮ በነበሩት ሦስት ኦሎምፒኮች ውዴ የለችም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሳኦ ፓውሎ ነው። ብራዚሎች በየዓመቱ የፈረንጅ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ለእኛ ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂዱት የቅዱስ ሲልቬስተር ሩጫ አላቸው። 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ወሩ በጋ ነው፣ መጨረሻው ዳገት። ውዴ ይህን ሩጫ በ2008 እ.ኤ.አ. አሸነፈች። ከዚያ አምስት ዓመት በተከታታይ ኬንያውያን ወሰዱት። በ2014 ተመልሳ አሸነፈች፣ በ2015 ደገመች። በርሊን በነዚህ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል አንድ ቀን ነው። ብራዚሎቹ የአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ስሟን ገልብጠው «ይመር ውዴ አያሌው» ይሏታል፤ አያቷ ቀድመዋት ገብተዋል።

ታናሽ እኅቷ ሕይወት አያሌው በ3,000 ሜትር መሰናክል ነው የሮጠችው። የሷ ዕጣ አራተኝነት ነበር። ለንደን 2012 አምስተኛ ገባች፤ ሩሲያዊቷ አሸናፊ በአበረታች መድኃኒት ሜዳሊያዋን በ2016 ስትቀማ ሕይወት በወረቀት ላይ አራተኛ ሆነች። በ2013 ሞስኮ ላይ በእግሯ አራተኛ ሆነች፣ ከነሐሱ በ2.41 ሴኮንድ ርቃ። በዚያው ዓመት ፖላንድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ብር አገኘች፣ ከወርቁ ሦስት ሴኮንድ ርቃ። በ2014 የዳይመንድ ሊጉን አጠቃላይ አሸናፊነት ወሰደች፤ እሱን ደግሞ ቦሌ ላይ ማንም በአበባ አይቀበልም። በዚያን ጊዜ ለወራት ካገር አገር እየዞሩ በነጥብ የሚሰበሰብ ነገር ነበርና።

ግሽ ዓባይ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ባለቤቲቱን ስለ ሁለቱ እኅትማማቾች ጠየቅኋት። «የዚህ አገር ልጆች ናቸዋ» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ልጨምርልህ ዓይነት። በመስኮቱ ልጆች ደብተር ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በዳገቱ ይወጣሉ። ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች የሚጽፍ ፈረንጅ ሁሉ ልጁ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሄዶ ሯጭ ሆነ ይላል። እኔ ያየኋቸው ልጆች ይራመዱ ነበር፣ ደግሞም በዝግታ፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ። ሩጫ ሥራ ነው፤ የሚጀመረውም እንደ ሥራ ነው፣ ዘመድ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ሲያገኝላቸው።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ መሽቶ ነበር። ጓደኛዬ ሱቁን አልዘጋም፤ የቀኑን ሒሳብ በዚያው ደብተር ላይ ይጽፋል። ከሩጫው ገጾች ቀጥሎ፣ ዓምዶቹን ሳይቀይር፣ የበርበሬው ይጀምራል፦ «ቡሬ፣ 12 ማዳበሪያ፣ ግማሹ ገብቷል።» ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ መጀመሪያ ላይ ያላየሁትን መስመር አገኘሁ። ከተማው ተሰርዟል፣ ከስሩ ሌላ ተጽፎ እሱም ተሰርዟል። ቀጥሎ «42፣ 2፡14» ይላል። ከጎኑ «11ኛ» አለ። ከዚያ በሌላ ቃል ተጽፎ «ገባሁ።»

የገንዘቡ ዓምድ ባዶ ነው።

«ይቺስ?» አልኩት።

አንገቱን አስግጎ አየ። የሒሳብ ማሽኑን ወደ ጎን ገፋ።

«እስከ ዐሥር ነበር የሚከፍሉት።»